ካሜራንና ትራይፖድን የሚያገናኘውን ብራኬት ስለ መምረጥ

ትራይፖድ ሊገዛ የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ እግሮቹ ነው፤ ካርቦን ይሻላል ወይስ አልሙኒየም፣ ስንት ኪሎ ይሸከማል፣ ሲታጠፍ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ወይ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሄዱ፣ ማለትም ከእግሮቹ በላይ ሆኖ ካሜራውን ስለሚይዘውና ስለሚያዞረው ክፍል ይጠይቃል። በሄዱና በካሜራው መካከል ስለሚገባው ብረት የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም፤ ከትራይፖዱ ጋር በካርቶን የመጣው ፕሌት የተባለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከካሜራው ሥር ይታሰርና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኔ በአብዛኛው የማነሣው ሕንፃና የቤት ውስጥ ክፍል ስለሆነ ካሜራዬ የሚውለው ትራይፖድ ላይ ነው፤ በዚህም የተነሣ ስለዚህ ትንሽ ብረት ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ብራኬቱ ከእግሮቹ እኩል ታስቦበት መመረጥ አለበት፤ በተቻለ መጠንም ለካሜራው ሞዴል ተለክቶ የተሠራው ነው መገዛት ያለበት። ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

ከብሎኑ እንጀምር። ካሜራው ጃፓንም ይሠራ ጀርመን፣ ከሥሩ ያለው ባለ ጥርስ ቀዳዳ የሚለካው በኢንች ነው። የብሎኑ ውፍረት ሩብ ኢንች ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ 20 ጥርስ አለው። ለከባድ ካሜራዎችና ሄዱን ከእግሮቹ ጋር ለማሰር የሚያገለግለው ትልቁ ብሎን ደግሞ 3/8 ኢንች ሆኖ በኢንች 16 ጥርስ ነው። ሁለቱም አይኤስኦ 1222 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰኑ በመሆናቸው አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራና ዘንድሮ የወጣ ዲጂታል ካሜራ በአንድ ብሎን ሊታሰሩ ይችላሉ። ከካሜራ ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ስምምነት የሰፈነበት ሌላ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ይህ የኢንች ልክ በእኛ አገር የራሱ ችግር አለው። የፕሌቱ ብሎን የጠፋበት ሰው በቅርቡ ወዳለው የብሎን መደብር ሄዶ ተመሳሳይ የሚመስለውን ሲጠይቅ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየትም ቀላል አይደለም። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ከሩብ ኢንቹ በ0.35 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀትም 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የካሜራው 1.27 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ይገባል፣ ጥቂት ከዞረ በኋላ ይይዛል፤ የያዘው ግን ጥርስ ከጥርስ ተገጣጥሞ ሳይሆን እርስ በርሱ ተጋጭቶ ነው። በጉልበት ቢጠበቅ የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል፤ ሳይጠበቅ ቢተው ደግሞ ካሜራው የተንጠለጠለው በጥቂት የጥርስ ጫፎች ላይ ብቻ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። አዲሱን ብሎን ትክክለኛነቱ ከሚታወቅ የካሜራ ብሎን ጎን አጋድሞ ጥርሶቹን ማገናኘት ይበቃል፤ ልካቸው አንድ ከሆነ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይተኛሉ፣ ካልሆነ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ሲደርሱ መዛነፋቸው በግልጽ ይታያል። ቶርኖ ቤት ሄዶ ፕሌት የሚያሠራ ሰውም ይህን ልክ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል፤ ከዚህም ጋር ብሎኑ ከፕሌቱ ወለል በላይ የሚወጣበት ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የረዘመ ብሎን የቀዳዳውን ወለል ሊገፋና ካሜራውን ከውስጥ ሊጎዳ ይችላልና።

ብሎኑ ልክ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም። ብሎን ካሜራውን ወደ ፕሌቱ ይስበዋል እንጂ እንዳይዞር አይከለክለውም። በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረ ማንኛውም ነገር በብሎኑ ዙሪያ መዞር ይችላል፤ የሚያግደው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። አምራቾች ይህን ሰበቃ ለመጨመር በፕሌቱ ላይ ጎማ ወይም ቡሽ ይለጥፋሉ። ጎማው መያዙን ይይዛል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ከካሜራው ክብደት በታች ይጨመቃል፣ እጅ ሲነካው ሸብረክ ይላል፣ እጅ ሲነሣም ቀስ እያለ ይመለሳል። ይህ መንቀሳቀስ በዓይን የማይታይ ነው፤ በፎቶው ላይ ግን ይታያል። 24 ሜጋ ፒክስል ባለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ አንድ ፒክስል 6 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሣ ካሜራው የአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛ ብቻ ቢዞር ምስሉ በሴንሰሩ ላይ 35 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ ስድስት ፒክስል ይንሸራተታል። ሌንሱ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ይህን መልሶ ማስተካከል አይችልም። በተለይ ባለ መስታወት ካሜራ የያዘ ሰው ከ1/30 እስከ 1 ሰከንድ ባለው የሸተር ፍጥነት ላይ መስታወቱ ሲነሣ የሚፈጥረው ንዝረት ስለሚጨመርበት፣ የላላ ወይም የለሰለሰ ፕሌት ጉዳቱ የሚብሰው በዚሁ ፍጥነት ነው።

ከጎማና ከቡሽ ይልቅ አስተማማኙ መፍትሔ ብረቱ ራሱ ካሜራውን እንዲያቅፈው ማድረግ ነው። ለአንድ ሞዴል ተለይቶ የተሠራ ፕሌት ከኋላው ወይም ከፊቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ የካሜራውን የታችኛውን ቅርጽ ተከትሎ ስለተቀረጸ ካሜራው ሊዞር ሲል ከጠርዙ ጋር ይጋጭና ይቆማል። በዚህ ጊዜ የብሎኑ ሥራ ማቀራረብ ብቻ ይሆናል፤ መዞርን የመከልከሉ ሥራ ወደ ጠርዙ ይተላለፋል። ሁሉን ካሜራ ይይዛል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌት ግን ለሁሉ እንዲሆን ጠፍጣፋ ሆኖ ስለተሠራ ይህን ጠርዝ ሊኖረው አይችልም። አንዳንዶቹ የሚንሸራተት ጠርዝ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፤ ከባዶው ይሻላሉ፣ ሆኖም ጠርዙ ራሱ በሌላ ትንሽ ብሎን የታሰረ ስለሆነ የሚላላ ነገር በአንድ ጨምሯል ማለት ነው። የቪዲዮ ፕሌቶች ደግሞ ከብሎኑ ፊት ለፊት በስፕሪንግ የምትነሣ ትንሽ ፒን አላቸው፤ ፒኗ የምትገባበት ቀዳዳ በካሜራው ሥር ካለ ለዚሁ ዓላማ በደንብ ታገለግላለች፣ አብዛኞቹ የፎቶ ካሜራዎች ግን ይህ ቀዳዳ የላቸውም።

አሁን ካሜራውን በቁሙ አድርጎ ፎቶ ስለማንሣት ልናገር፤ በኤል (L) ፊደል ቅርጽ የታጠፈው ኤል ብራኬት የተፈለሰፈው ለዚህ ነውና። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቆሞ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን 209 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሊያነሣ የፈለገ ሰው ካሜራውን በአግድሙ ይዞ የትም አይደርስም፤ ሕንፃው ካልተቆረጠ በቀር በቁሙ ማንሣት ግድ ነው። ተራ ፕሌት ያለው ሰው ይህን የሚያደርገው የቦል ሄዱን፣ ማለትም በኳስ ላይ የሚዞረውን ሄድ፣ አንገት በጎኑ ባለው ጎድጎድ ውስጥ ወደ ጎን በማስተኛት ነው። ካሜራው ያን ጊዜ ከትራይፖዱ መሐል ወጥቶ ከጎን ይንጠለጠላል። ካሜራውና ሌንሱ በአንድነት 1.5 ኪሎ ቢመዝኑና የክብደታቸው መሐል ከትራይፖዱ መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ሄዱ ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል 1.5 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ቀላል ትራይፖድ ወደዚያው ጎን ያዘነብላል፤ ነፋስ ካለም መቆሙ ያጠራጥራል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ካሜራው በጎኑ ሲተኛ የፕሌቱ ብሎን አግድም ይሆናል፤ ሌንሱም በራሱ ክብደት ወደ መሬት ሲስብ ካሜራውን በብሎኑ ዙሪያ ያዞረዋል። በአንዱ ጎን ሲተኛ ይህ መዞር ብሎኑን ያጠብቀዋል፣ በሌላው ጎን ሲተኛ ደግሞ ያላላዋል። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሕንፃው መብራት ሲበራ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሌንሱ ቀስ እያለ እየሰመጠ ፍሬሙን ሲያበላሽ ማየት እጅግ ያበሳጫል።

ኤል ብራኬት ከካሜራው ሥር ብቻ ሳይሆን በግራ ጎኑም የሚወጣ ክንድ ስላለው፣ ካሜራውን በቁሙ ለማድረግ ከመንጋጋው፣ ማለትም በሄዱ ጫፍ ላይ ሆኖ ፕሌቱን ጨብጦ ከሚይዘው ክፍል አውጥቶ በጎኑ ክንድ መልሶ ማሰር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሄዱ አይነካም፤ ካሜራው ከትራይፖዱ መሐል በላይ እንዳለ ይቀራል። የሌንሱ መሐል የነበረበት ቦታም ብዙ አይለወጥም፤ ይህም ለቤት ውስጥ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ነው። ሄዱን ወደ ጎን ሲያስተኙት ካሜራው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ በዚያው ልክም ወደ ጎን ይሄዳል። ከፊት ለፊት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ዓምድ ቢኖር ይህ የ10 ሴንቲ ሜትር መንሸራተት ዓምዱን የምናይበትን አንግል በስድስት ዲግሪ ያህል ይለውጠዋል፤ ከዓምዱ ኋላ ተስተካክሎ የነበረው ሥዕል ይሸፈናል ወይም ያልተፈለገ ነገር ይገለጣል። ብልጭታ መጠቀም በማይገባበትና ብርሃን በጠበበት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ፈቃድ ተገኝቶ የግድግዳ ሥዕል ሲነሣ፣ እንደገና ፍሬም ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ አገልጋዮቹም እስኪጨርሱልን ቆመው እየጠበቁ ነው። ብዙ ፎቶዎችን በቁም አንሥቶ ወደ ጎን እያገናኘ ሰፊ ምስል ለሚሠራም ሰው ኤል ብራኬት የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ካሜራው ከመዞሪያው መሐል ርቆ ተንጠልጥሎ ከዞረ በቅርብ ያሉት ነገሮች ከሩቆቹ ጋር አይገጥሙም፣ ሶፍትዌሩም የዓምዱን ጠርዝ ሲያገናኝ ይሰብረዋል።

በቁም የማንሣት ጉዳይ አሁን የሕንፃ ፎቶግራፈሮች ብቻ አይደለም። ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ለቲክቶክ የሚሆን የቁም ቪዲዮ እንዲያወጡ ይጠየቃሉ፤ ከአግድሙ ቪዲዮ ላይ ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ ካሜራውን በቁሙ አድርጎ መቅረጽ የምስሉን ጥራት ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል። የቪዲዮ ሄዶች ደግሞ ብዙዎቹ ጨርሶ ወደ ጎን አይተኙም፤ ስለዚህ በቪዲዮ ሄድ ላይ ካሜራን በቁም ማሰር የሚቻለው በኤል ብራኬት ወይም በተመሳሳይ የጎን ማሰሪያ ነው። እነዚህን ሁለት ዓይነት ሥራዎች በአንድ ካሜራ ለሚሠራ ሰው ብራኬቱ ራሱን በአጭር ጊዜ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብራኬቱ ከሄዱ መንጋጋ ጋር መግጠሙ ነው፤ እዚህ ላይ ብሎኑ ያለው ዓይነት ስምምነት የለም። በፎቶግራፈሮች ዘንድ እጅግ የተስፋፋው በስዊዘርላንድ የተመሠረተው አርካ ስዊስ የተባለው ድርጅት ያስተዋወቀው ቅርጽ ነው። ፕሌቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው በሁለቱ ጎኖቹ 45 ዲግሪ ያጋደለ ጎድጎድ አለው፤ መንጋጋው ይህን ጎድጎድ ከሁለት ወገን ጨብጦ ይይዛል። ዛሬ ኤል ብራኬት የሚሠሩት ድርጅቶች ሪያሊ ራይት ስታፍም ይሁኑ ኪርክ፣ ስሞል ሪግም ይሁን ሊዮፎቶ፣ ሁሉም ይህንኑ ቅርጽ ይከተላሉ። ነገር ግን ልኩን የሚወስን የጋራ ደረጃ ስለሌለው ከአንዱ አምራች እስከ ሌላው የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ልዩነት ይኖራል። በሚዞር እጀታ የሚጠብቅ መንጋጋ ይህን ልዩነት ራሱ ያስተካክለዋል፤ እስኪይዝ ድረስ ማጥበቅ ብቻ ነው። በማንሻ የሚዘጋው መንጋጋ ግን የሚጓዝበት ርቀት የተወሰነ በመሆኑ የሌላ አምራች ፕሌት ሲገባለት ወይ አልዘጋ ይላል፣ ወይም ተዘግቶ ፕሌቱ በውስጡ ይንሸራተታል። የማንሻው ፍጥነት ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ብራኬቱና መንጋጋው ከአንድ አምራች ካልሆኑ እኔ የምመርጠው የሚዞረውን ነው።

በእጅ ያለው ሄድ የማንፍሮቶ ከሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በብዙ የማንፍሮቶ የፎቶ ሄዶች ላይ ያለው አራት ማዕዘን ትንሽ ፕሌትም ሆነ በቪዲዮ ሄዶቹ ላይ የሚንሸራተተው ሰፊው ፕሌት ከአርካ ቅርጽ ጋር አይገጥምም፤ ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ አርካን የሚቀበሉ ሄዶችንም አውጥቷል። መፍትሔው በሄዱ የቀድሞ ፕሌት ላይ የአርካ መንጋጋ በብሎን ማሰር ነው፤ ሲሠራ ያየሁት ነው፣ ይሠራልም፣ ግን የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ሸብረክ የሚልና የሚላላ ቦታ ይጨምራል። የሚቻል ከሆነ መንጋጋው ራሱ የሚፈታለትን ሄድ መርጦ በአርካ መንጋጋ መተካት ይሻላል።

ወደ ካሜራው ሞዴል ልመለስ፤ ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ የሚያወጡት ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነውና። ኤል ብራኬት የካሜራውን ሥርና ግራ ጎን ይሸፍናል። በሥሩ የባትሪው በር አለ፣ በአንዳንዶቹም የሚሞሪ ካርዱ በር እዚያው ነው፤ በግራ ጎኑ የቻርጀር፣ የማይክሮፎን፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወደ ጎን የሚከፈተው ስክሪንም የሚዞረው በዚያው በኩል ነው። በልክ የተሠራ ብራኬት ለእነዚህ ሁሉ ክፍተት ተትቶለታል፤ ለሌላ ሞዴል የተሠራው ግን አንዱን ወይም ሌላውን ይዘጋል። የሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ስክሪን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚታጠፍ ሲሆን የማርክ 4 ስክሪን ወደ ጎን ወጥቶ ይዞራል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው የተሠራ የጎን ክንድ የሁለተኛውን ስክሪን እንቅስቃሴ ያስረዋል። የካነን 5ዲ ማርክ 3 የሪሞት ገመድ ቀዳዳ በጎኑ ሲሆን በማርክ 4 ላይ ወደ ፊት ተዛውሯል፤ ስማቸው በአንድ ቁጥር ብቻ ይለያይ እንጂ ሁለቱን ካሜራዎች አንድ ብራኬት ያገለግላል ብሎ መገመት አይገባም። ባትሪ ግሪፕ፣ ማለትም ከካሜራው ሥር የሚገጠም ተጨማሪ የባትሪ መያዣ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ለካሜራው ብቻ የተሠራው ብራኬት አይሆነውም፤ ከነግሪፑ የተለካውን መፈለግ አለበት።

ስክሪኑ ወደ ጎን ለሚወጣ ካሜራ የጎኑ ክንድ ተንሸራትቶ ከካሜራው ራቅ የሚልበት ዓይነት አለ። ክንዱ በሁለት ዘንጎች ላይ ወይም በሥሩ ፕሌት ጎድጎድ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ገመድ ሲሰካ ወይም ስክሪን ሲዞር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአንድ ብረት ተፈልፍሎ የወጣውን ያህል አይጠነክርም። ክንዱን ሙሉ በሙሉ ካወጡት በኋላ ካሜራውን በእርሱ ላይ በቁም አስረው ሌንሱን በጣት ጫን ቢያደርጉት መተጣጠፉ በእጅ ይታወቃል። ስለዚህ ፎቶ ብቻ የሚያነሣና ገመድ የማይጠቀም ሰው አንድ ወጥ የሆነውን ይግዛ፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው የሚንሸራተተውን ይምረጥና ክንዱን ከሚያስፈልገው በላይ አያውጣው።

ረጅም ሌንስ ለሚይዝ ሰው ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ብራኬቱ የሚገባው ከካሜራው ሥር ሳይሆን ከሌንሱ ሥር ነው። በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆሞ ቀይ ቀበሮን ወይም በስሜን ገደል ላይ ዋልያን የሚጠብቅ ሰው የያዘው ሌንስ ከካሜራው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ የኒኮን 200-500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለምሳሌ ከማሰሪያ ቀለበቱ ጋር 2300 ግራም ነው። ይህን ያህል ክብደት ከፊቱ ያንጠለጠለ ካሜራ በራሱ ሥር ቢታሰር ሌንሱ የሚገጥምበት የካሜራው አፍ ይጨነቃል፣ ሄዱም ወደ ፊት ይወድቃል። ሌንሶቹ ዙሪያቸውን የሚያቅፍ የራሳቸው ማሰሪያ ቀለበትና ከሄዱ ጋር የሚታሰር እግር ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። በእግሩ ላይ ረዘም ያለ የአርካ ፕሌት ታስሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተቱ ሚዛኑ ተጠብቆ እጅ ሲለቀቅ ካሜራው ባለበት የሚቆምበት ነጥብ ይፈለጋል። ቀለበቱ ራሱ ስለሚዞር ለቁም ፎቶ ኤል ብራኬት አያስፈልግም። የታምሮን 150-600 ሚሊ ሜትር ሁለተኛው ትውልድ ሌንስ እግሩ በራሱ የአርካ ጎድጎድ ተቀርጾለት ይመጣል፤ ሁሉም አምራቾች እንዲህ ቢያደርጉ እንዴት መልካም ነበር። በሌላ በኩል የካነን 100 ሚሊ ሜትር ኤል ማክሮ ሌንስ ቀለበቱ ለብቻው የሚሸጥ ነው። ከአበባ ወይም ከነፍሳት ጋር ተጠግቶ የሚሠራ ሰው ቀለበቱን ቢገዛ አይጸጸትም፤ በዚያ ቅርበት ላይ ካሜራውን ሳያፈናቅሉ ከአግድም ወደ ቁም ማዞር መቻል ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ስለ ብረቱ ጥራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደህና ብራኬት ከአልሙኒየም ድፍን ተፈልፍሎ ይሠራል እንጂ በቅርጽ ማፍሰሻ አይወጣም፤ ጠርዞቹ በጣት ሲዳሰሱ አይቧጥጡም፣ ጎድጎዱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በሁለቱ ጫፎች ሥር ትንንሽ ማገጃ ብሎኖች መኖራቸውን ማየት ይገባል፤ መንጋጋው ሳይታሰብ ቢላላ ካሜራው ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ዋናው ብሎን በሳንቲም ከሚዞረው ይልቅ በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ የሚጠብቀው ይመረጣል፣ አጠባበቁ አስተማማኝ ነውና፤ መፍቻውን በማግኔት ከብራኬቱ ሥር የሚይዝ ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ከከተማ ርቆ የሚሠራ ሰው እጅግ ያመሰግነዋል። ከፒስታ መንገድ በኋላ መፍቻውን አውጥቶ ብሎኑን መፈተሽ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ የመኪናው ንዝረት ጠብቆ የነበረውን ብሎን ያላላዋል።

ብራኬቱ እጅ ሲገባ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። ካሜራውን አስሮ፣ በትራይፖዱ ላይ አቁሞ፣ ካሉት ሌንሶች ረጅሙን ገጥሞ፣ በስክሪኑ ላይ ምስሉን እስከ መጨረሻው አጉልቶ በሩቅ ያለ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ የመስኮት ጠርዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ማነጣጠር ነው። ከዚያ የሌንሱን ጫፍ በአንድ ጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መልቀቅ። መስመሩ ወዲያው ተንቀጥቅጦ ወደነበረበት ቦታ ከተመለሰ ማሰሪያው ጽኑ ነው፤ የቀረው ንዝረት የእግሮቹ ነው። ተንቀሳቅሶ በሌላ ቦታ ከቆመ ካሜራው በብራኬቱ ላይ ወይም ብራኬቱ በመንጋጋው ውስጥ ዞሯል ማለት ነው። ቀስ እያለ እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ደግሞ የሚጨመቅ ነገር በመካከል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ነው። ይህንኑ ፈተና ካሜራው በቁም ታስሮ መድገም ያስፈልጋል፤ በአግድም ያለፈ ብራኬት ሁሉ በቁም አያልፍምና።

እዚህ አገር ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ የምናስመጣው በአብዛኛው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ በአደራ አስይዘን ነው፤ ልኩ ካልሆነ መመለስ አይታሰብም። ስለዚህ ለዘመድ የሚላከው መልእክት ላይ የካሜራው ሙሉ የሞዴል ስም ከነማርክ ቁጥሩ፣ ግሪፕ መኖር አለመኖሩና የሄዱ መንጋጋ ዓይነት በግልጽ ይጻፍ፤ የካሜራውን ሥርና የግራ ጎኑን ፎቶ አንሥቶ አብሮ መላክ ደግሞ ስለ ካሜራ የማያውቀውን ዘመድ እንኳ በመደብሩ ውስጥ ለሻጩ እንዲያሳይ ያስችለዋል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛም ሰው ብራኬት አብሮት እንዳለ ይጠይቅ፤ የቀድሞው ባለቤት ለአዲሱ ካሜራው ስለማይሆነው ብዙ ጊዜ በትንሽ ጭማሪ ይሰጠዋል። ካሜራ በተለወጠ ቁጥር ብራኬቱ ይለወጣል፤ ሄዱ ላይ ያለው መንጋጋ የአርካ ከሆነ ግን አዲሱ ብራኬት ሌላ ወጪ ሳያስከትል በዚያው ላይ ይገባል፣ የረጅሙ ሌንስ ፕሌትም እንዳለ ያገለግላል።